«ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል»

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው የደላሎችን ዜማ በቃሉ ይዞታል። «ቆጣሪው የግል ነው፤ ውሃ አይጠፋም፤ ቦይለር አለው!» ከሦስቱ የመጀመሪያው አልፎ አልፎ እውነት ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛውን ደላላው ራሱም ሲናገረው ፈገግ ይላል። ሦስተኛው ግን እውነት ነው። ቦይለር አለ፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ነጭ በርሜል ተንጠልጥሏል። ይሠራል ወይ? ከሠራስ እንዴት ነው የሚሠራው? ብሎ የሚጠይቅ ተከራይ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሁላችንም ቀና ብለን አይተን «ጥሩ ነው» ብለን የሁለት ወር ቅድሚያ ቆጥረን እንሰጣለን።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ በርሜል ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ሳፈላልግ ግን ሁለት ዓመት ያህል ከኤሌክትሪሺያን አጎቴ ኋላ ኋላ የመሣሪያ ሣጥን ተሸክሜ ከቤት ቤት ዞሬአለሁ። የሰው ቦይለር ሲፈታ፣ ሲታጠብ፣ ሲገጠም አይቻለሁ። ካየሁት ውስጥ የሚበዛው ብልሽት ቀላል ነው፤ አንዳንዱም ብልሽት የሚባል እንኳ አይደለም። ጥቂቱ ግን ሰው ይገድላል። የሚያሳዝነው ሰዎቻችን ቀላሉን ሲፈሩ ገዳዩን «ለምጄዋለሁ» ይላሉ።

ሰሞኑን አንዲት የ24 ዓመት አንባቢ የላከችልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፡- «ከጓደኛዬ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ከገባን አራት ወራችን ነው። ሻወር ስገባ የቧንቧውን መክፈቻ ስነካ እጄን ይነዝረኛል። ለአከራያችን ስነግራቸው ‹ልጄ፣ እሱ ድሮም ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል፤ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጊበት› አሉኝ። ጓደኛዬ ለምዳዋለች፤ መክፈቻውን በፎጣ ይዛ ነው የምትከፍተው። እኔ ግን ፈራሁ። አካበድኩ እንዴ?»

አላካበድሽም እህቴ! ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና የቦይለሩን ብሬከር አውርጂው። ጓደኛሽንም ንገሪያት። እስኪጠገን ድረስ ውሃ በድስት አሙቃችሁ ታጠቡ።

<b>«ትንሽ» የሚባል ኮረንቲ የለም</b>

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦይለር ማለት ሆዱ ውስጥ ምድጃ ያለበት ትልቅ ፔርሙዝ ነው። ምድጃው ሬዚስታንስ የምንለው፣ በቱቦ የተሸፈነ ማሞቂያ ሽቦ ነው፤ ቀን ከሌሊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ከጊዜ በኋላ የቱቦው ሽፋን ይሰነጠቃል ወይም ይበላል። ያኔ ኮረንቲው ወደ ውሃውና ወደ በርሜሉ ብረት ይሾልካል። ቦይለሩ ኧርዝ ካለው የሾለከው ኮረንቲ በኧርዙ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ኧርዝ ከሌለው ግን መንገድ ፈልጎ እዚያው ይጠብቃል። ባዶ እግራችሁን እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ መክፈቻውን ስትነኩ መንገዱ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይወርድም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያታልላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር የተሠራው ለሽቦው እንጂ ለእናንተ አይደለም። 16 አምፔር የሚል ከተጻፈበት፣ ከዚያ በላይ ኮረንቲ እስኪያልፍበት ድረስ ዝም ብሎ ያያል። የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ደግሞ ከ1 አምፔር አንድ አሥረኛው ይበቃል። ውሃ የነካው ቆዳ ኮረንቲን የመከላከል አቅሙ ስለሚወርድ በ220 ቮልት ያን ያህል በሰው ገላ ማለፉ የሚያስገርም አይደለም። እናንተ ወለሉ ላይ ወድቃችሁ ብሬከሩ ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው!

ለሰው የተሠራው ሌላ ነው። ባለሙያዎቹ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይሉታል፤ ፊቱ ላይ «ቲ» የሚል የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። በመውጫና በመመለሻ ሽቦው መካከል የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ካየ፣ ማለትም ኮረንቲ ወደ ሌላ ቦታ እየሾለከ መሆኑን ካወቀ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያጠፋዋል። የቆጣሪ ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ይህ እንዳለ እዩ። ካለ በወር አንዴ ቁልፉን ጫኑትና መውረዱን አረጋግጡ። ከሌለ እሱን ማስገጠም ለመታጠቢያ ቤት ከምታወጡት ወጪ ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ከመስታወቱም፣ ከመጋረጃውም፣ ከሞዛይኩም በፊት!

አንድ ሌላ ጉድ ልጨምር። አንዳንዴ ቦይለሩ ንጹሕ ሆኖ ሻወሩ ይነዝራል። የቤቱ ኧርዝ ሽቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው መጨረሻቸው ግን መሬት ላይ ካልደረሰ፣ ከልብስ ማጠቢያው ወይም ከምጣዱ የሾለከው ኮረንቲ በዚያው ሽቦ ተጉዞ ቦይለሩ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ የቦይለሩን ብሬከር አውርዳችሁም መንዘሩ ካልቆመ ዋናውን አውርዱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። «ከውሃ ቧንቧው ጋር ላገናኘው» የሚል ባለሙያ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። የድሮ ብረት ቧንቧ ዱሮ ይሠራ ይሆናል፤ ዛሬ ብዙ ቦታ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ኮረንቲን ወደ መሬት አያደርስም። ትክክለኛው ኧርዝ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ አለው፤ መሬቱ ደረቅ ሲሆን ከሰልና ጨው እየጨመሩ ነው የሚቀብሩት። ከተቀበረ በኋላም በመለኪያ ይለካል። የማይለካ ባለሙያ ገምቶ ነው የሄደው።

ነጠላ ጫማውስ? እርጥብ ነጠላ ጫማ፣ እርጥብ ፎጣ... ተዉት። እነሱ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር መንዘሩን ቀነስ አድርገው እናንተን ማዘናጋት ነው።

ጥሩ ልማድ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፡- ውሃው ከሞቀ በኋላ አጥፍታችሁ ግቡ። ብዙ ሰው ለቆጣሪው ብሎ ያደርገዋል፤ ለነፍስም ይጠቅማል። ግን ማጥፊያው ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነና ሲገጠም ሽቦው ተገላብጦ ከነበረ፣ መብራቱ ጠፍቶ እያያችሁት ኮረንቲው ቦይለሩ ውስጥ እንዳለ ነው።

እግዜር አያድርገውና ሰው ተይዞ ብታገኙ ሮጣችሁ አትያዙት፤ ሁለታችሁም ትያዛላችሁ። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ከዚያ ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ሌላው ሰው ደግሞ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ።

<b>ውሃው ካልሞቀ</b>

አሁን ትንሽ ዘና እንበልና ወደ ዕለት ተዕለቱ ጣጣ እንግባ። ስልክ ተደውሎ «ቦይለራችን ተበላሸ» ተብለን ከሄድንባቸው ቤቶች በስንቱ ምንም ያልተበላሸ ነገር እንዳገኘን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

መጀመሪያ ሂሳብ። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈልጋል። ሬዚስታንሱ 1,500 ዋት ከሆነ ይህ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። አብርቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገብቶ «አይሠራም» የሚል ሰው ቦይለሩን በሐሰት ከሷል! ይህም ኮረንቲው 220 ሲሆን ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ቮልቴጁ 180 ከወረደ የሬዚስታንሱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ያው ውሃ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። አጎቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ የሚሰጠው መድኃኒት «ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አብሩት» የሚል ነበር፤ ለምክሩ ደግሞ ሳንቲም አያስከፍልም።

ሌላው ሂሳብ የሰው ብዛት ነው። 50 ሊትር የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ 80 እና 90 ሊትር የሚሆን የገላ ውሃ ይወጣዋል። ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ካፈሰሰ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሦስት ሆናችሁ ተከራይታችሁ ሦስተኛው ሁልጊዜ በብርድ የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ ከፊቱ የገባው፣ እየዘፈነ የሚታጠበው ጓደኛችሁ ነው።

ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ውሃው ካልሞቀ መብራቱን እዩ። በአብዛኞቹ ቦይለሮች ላይ ትንሿ ቀይ መብራት ማሞቅ ላይ መሆኑን ነው የምትናገረው። መብራቷ በርታ ሰዓታት ካለፉ በኋላም ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። መብራቷ ጨርሶ ካልበራች ኮረንቲ አልደረሰውም ወይም መቁረጫው ወርዷል። እያንዳንዱ ቦይለር ከቴርሞስታቱ ሌላ፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ጥርቅም አድርጎ የሚቆርጥ መጠባበቂያ አለው፤ ክዳኑ ሥር ባለች ትንሽ ቁልፍ ይመለሳል። መመለሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ክዳኑ የሚከፈተውም ዋናው ብሬከር ወርዶ ነው። አንዴ ተመልሶ ከቆየ እሰየው። በሳምንቱ ደግሞ ከቆረጠ ቴርሞስታቱ ታሟልና ይቀየር።

ውሃው ለብ ብቻ የሚልባችሁስ? ይህችን ፈተና ሞክሩ፡- ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ዝጉና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። ጥቂት ቆይቶ መቆም አለበት። ዝም ብሎ መፍሰሱን ከቀጠለ ቀዝቃዛው በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻወሩ ወይም የዕቃ ማጠቢያው ሚክሰር ውስጡ ተበልቶ ሙቁንና ቀዝቃዛውን እያቀላቀለ ነው። ለሬዚስታንስ ተብሎ ሊወጣ የነበረው ብር ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

<b>ውሃ ሲጠፋ</b>

ይህን የምጽፈው በተለይ በፈረቃ ለሚኖረው ወገኔ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ሙቅ ውሃ ከቦይለር የሚወጣው በራሱ ኃይል አይደለም። ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው ገፍቶ የሚያስወጣው። የሙቁ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ እስከ በርሜሉ አናት ይደርሳል። ስለዚህ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ በደንብ እየወረደ ከሆነ በርሜሉ ሙሉ ነው። የመንደሩ ውሃ ሲጠፋና ሮቶውም ሲደርቅ ግን ከሙቁ ቧንቧ ጠብ አይልም፤ ሆዱ ውስጥ ግን 50 ሊትር አለ!

ያን ውሃ ማውጣት ይቻላል። ብሬከሩን አውርዱ፤ ውሃው እስኪበርድ ጠብቁ፤ የቀዝቃዛውን መዝጊያ ዝጉ፤ አየር እንዲገባ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። ከዚያ ከቦይለሩ ሥር ያለውን የሴፍቲ ቫልቭ ትንሽ ማንሻ ቀና አድርጉ፤ ባልዲ ከሥሩ። ለሽንት ቤት፣ ለዕቃና ለወለል ይሆናል፤ ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ባዶ ቦይለር አይበራም። ሬዚስታንስ በውሃ ተከቦ እንዲኖር የተሠራ ነገር ነው፤ ውሃ ከሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ውሃ ሲመጣ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ጠብቁ፤ አየሩ እየተንተፋተፈ ይወጣና ውሃው ያለማቋረጥ ሲወርድ ብቻ አብሩ። ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ባዶ የሚሆን ቦይለር አለ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው መክደኛ ከተበላሸ ወይም ከመጀመሪያውም ካልተገጠመ፣ መንገድ ላይ ያለው ውሃ ሲጠፋ የበርሜሉ ውሃ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባለቤቱ ሥራ ውሎ ማታ መጥቶ ያበራል... ሬዚስታንስ ተቃጠለ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ሬዚስታንስ የሚቀያየርበት ቤት ካለ መጀመሪያ ያን መክደኛ አስመርምሩ።

<b>የሚያንጠባጥበውን አትድፈኑ!</b>

አሁን የነገርኳችሁ ሴፍቲ ቫልቭ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ በሚቀበልበት በኩል የምትገጠም፣ ጡት የምታህል ቧንቧ ያላት የነሐስ እቃ ናት። ብዙ ጊዜ በ8 ባር ግፊት እንድትከፈት ተደርጋ ነው የምትሠራው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትሩ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ትርፍ ይሆናል። ያ ትርፍ መሄጃ ሲያጣ በዚህች ቫልቭ ጠብ ጠብ ይላል። ማሞቅ ላይ እያለ ጥቂት ቢያንጠባጥብ ጤንነቱ ነው። ከሥሩ ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ፍሳሹ ምሯት፤ አለቀ።

አንድ ቀን እኔና አጎቴ የሄድንበት ቤት ጣሪያ የሚያህል ድምፅ ያለው ቦይለር አገኘን። ጎረቤት የሆነ ጎልማሳ «ያንጠባጥባል» ተብሎ ተጠርቶ የቫልቭዋን አፍ በብሎን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ይህ አልበቃ ብሎ ቀደም ሲል ሌላ ሰው መጥቶ መቁረጫው እየወረደ ስላስቸገረ ሽቦውን «ቀጥታ» አገናኝቶታል። አስቡት! ማጥፊያ የሌለው ምድጃ፣ መተንፈሻ የሌለው በርሜል፣ ከሥሩ ልጆች የሚታጠቡበት ገንዳ። አጎቴ ምንም አልተናገረም። ዋናውን ብሬከር አወረደ፤ ሁላችንንም ከቤት አስወጣ፤ በርሜሉ እስኪበርድ ግማሽ ቀን ውጭ ቡና ስንጠጣ ዋልን።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በታፈነ በርሜል ውስጥ ግን ግፊቱ አያፈላውም፤ ከ100 ዲግሪ አልፎም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በርሜሉ በአንድ በኩል ሲቀደድ ያ ሁሉ ውሃ በቅጽበት መፍላት ይጀምራል፤ እንፋሎት የሆነው ደግሞ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ያኔ ግድግዳውም አይመልሰው። ስለዚህ «ዘግቼልሃለሁ» ወይም «ቀጥታ አድርጌልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሥራውን ሳይጨርስ አስቁሙት።

ቀዝቅዞም፣ ጠፍቶም፣ ሌት ተቀን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ቫልቭዋ ቆሻሻ ይዟታል፤ ማንሻውን አንድ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ቢያደርጉት ይታጠባል። ወይ ደግሞ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ያኔ ግፊት መቀነሻ ይገጠማል። ከራሱ ከቦይለሩ ሆድ ሥር የሚያፈስስ ከሆነ ደግሞ ሬዚስታንሱ የሚታሰርበት ክዳን ጎማ አርጅቶ ሊሆን ይችላልና ጎማው ይቀየር። በርሜሉ ራሱ ዝጎ ከተበሳ ግን ብየዳ አይይዘውም፤ ተሰናበቱት።

በርሜሉ ቶሎ እንዳይዝግ ውስጡ ማግኒዝየም የተባለ ዘንግ አለ። እሱ በብረቱ ፈንታ እየተበላ ያልቃል፤ ሲያልቅ ተራው የበርሜሉ ይሆናል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከሙቁ ቧንቧ ብቻ ከመጣ ዘንጉ ማለቁን ጠርጥሩ። በሁለት ዓመት አንዴ ተከፍቶ ቢታይ፣ ባለቀ ጊዜም ቢቀየር ቦይለሩ ዕድሜ ይጨምራል። በዚያው ነጭ ቅርፊቱም ይጠረጋል። ሲሞቅ እንደ ሽሮ ወጥ «ዱግ ዱግ» የሚል ቦይለር ሬዚስታንሱ በዚህ ቅርፊት ተለብጧል ማለት ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ቶሎ ያገኛቸዋል።

የሙቀቱን መዘውር እስከ መጨረሻ አታዙሩት፤ ለቆጣሪውም፣ ለቅርፊቱም፣ ለልጆች ገላም ጥሩ አይደለም። በጣም ዝቅ አድርጎ ለብ ባለ ውሃ ማቆየትም ባክቴሪያ ይጋብዛል። 60 ዲግሪ አካባቢ ደግ ነው።

<b>ማን ይክፈል?</b>

እንግዲህ ወደ አከራይ እንምጣ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ተብሏል። ውሉ መጻፉ ካልቀረ አንድ መስመር ጨምሩበት፡- ቦይለሩ በዚህ ቀን ተሞክሮ ይሠራል፣ ኧርዝ አለው፣ በእርጅና ቢበላሽ የሚጠግነው እገሌ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አብሩት፤ ሰዓት ያዙ፤ ሻይ እየጠጣችሁ ጠብቁት። ደላላው ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።

ውሉን ፈርማችሁ ለገባችሁትና አከራያችሁ «ድሮም እንደዚያ ነው» ለሚሏችሁ ደግሞ ጠብ አልመክርም። እንዲህ በሏቸው፡- «እትዬ፣ ሬዚስታንሱ ከሄደ እኔ ታግሼ በባልዲ እታጠባለሁ። ይሄ ግን ኧርዝ ነው። ነገ እርስዎ ሊጠይቁን መጥተው እጅዎን ሲታጠቡ ቢይዝዎስ?» እኔ ያየኋቸው አከራዮች ለተከራይ ባይራሩ ለራሳቸው ይራራሉ። የእቃው ዋጋ ከዶላር ጋር የሚወጣ የሚወርድ ስለሆነ ከሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ ደረሰኙን ያዙና ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብላችሁ ከመሥራታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ከሠራችሁ በኋላ የሚደረግ ድርድር ውጤቱ ይታወቃል።

ያቺ የ24 ዓመት አንባቢዬ ከሁለት ቀን በኋላ ድጋሚ ጽፋልኛለች። ባለሙያ መጥቶ ሲለካ የቦይለሩ ኧርዝ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የትም ሳይገናኝ ተቆርጦ ተገኘ፤ ሬዚስታንሱም ተሰንጥቋል። አከራይዋ ግማሹን እንከፍላለን ብለዋል። ጓደኛዋ ግን አሁንም መክፈቻውን በፎጣ እንደያዘች ነው፤ እጇ ለምዶ።